ባሕር የሌለው ወደብ፦ አንኮበርን እንዴት እናስጎብኝ?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ላይ ስለ ሰሜን ሸዋ የመስሕብ ስፍራዎች፣ በተለይም ስለ ደብረ ብርሃንና ስለ አንኮበር ንግግር እንዳደርግ ስለ ተጋበዝኩ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ርእሱን ስቀበል በመጀመሪያ ያሰብኩት የስፍራዎቹን ስም በዝርዝር አቅርቤ፣ የእያንዳንዱን ርቀትና ከፍታ ጠቅሼ ለመቀመጥ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለው ዝርዝር በእጃችሁ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ ዛሬ ላነሣው የምፈልገው አንኮበር ላይ ምን እንዳለ ብቻ ሳይሆን፣ ያለውን ነገር እኛ አስጎብኚዎች ስንት ሰዓት እንደምንሰጠው ነው።

አሳቤን ከመነሻው በግልጽ ላስቀምጥ። አንኮበር የሚታይ ነገር አላጣም፤ ያጣው የሚያድርበት እንግዳ ነው። ይህም ጉድለት የአካባቢው ሕዝብ ጥፋት ሳይሆን በአብዛኛው የእኛ የጉዞ አወጣጥ ውጤት ነው። ይህን የምለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ከራሴ ጥፋት እጀምራለሁና።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በሥራው ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ ጥቂት የውጭ አገር እንግዶችን ይዤ ከአዲስ አበባ በሌሊት ተነሥቼ አንኮበር ደረስኩ። ዕቅዱ እንደ ተለመደው ነበር፤ ኮረብታውን መውጣት፣ የቤተ መንግሥቱን ፍራሽ ማየት፣ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ከዚያም ለምሳ ደብረ ብርሃን መመለስ። ስንደርስ ግን ጉሙ ሁሉን ነገር ሸፍኖታል። ኮረብታው የለም፤ ገደሉም የለም፤ አሥር እርምጃ ፊት ለፊት ያለው ሰው እንኳ እንደ ጥላ ነው የሚታየው። ከመንገዱ ዳር አንድ ሽማግሌ ሦስት በቅሎዎች ጭነው ቆመዋል። እንግዳ ይመጣል የሚል ወሬ ሰምተው ከንጋት ጀምሮ ሲጠብቁ የቆዩ ናቸው። እኔ እንግዶቼን ይቅርታ ጠይቄ ወደ መኪናው ስመልሳቸው ሽማግሌው ጠጋ አሉና፣

«ልጄ፣ ምነው ሳይቀመጡ ወሰድካቸው?» አሉኝ።

«ጉሙ ሁሉን ሸፈነውና ምን ላሳያቸው፣ አባቴ?» አልኳቸው።

«ጉም እኮ ቤቱ እዚህ አይደለም፤ መንገደኛ ነው፤ ያልፋል። እናንተም መንገደኞች ናችሁ። እስቲ ቁጭ በሉና ማን ቀድሞ እንደሚያልፍ እንይ» አሉ።

እኔ ግን ምሳው ታዝዟል፤ ሰዓቱ ተቈርጧል። ሄድን። አቀበቱን ወጥተን ከአንዱ ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ አንዷ እንግዳ ወደ ኋላ ዞር ብላ ጮኸች። ጉሙ እንደ መጋረጃ ተገልጦ፣ የአንኮበር ኮረብታ ከነዛፉ፣ ከበስተጀርባውም እስከ አዋሽ ሸለቆ የሚዘረጋው ቆላ ፀሐይ ለብሶ ይታይ ነበር። ቆመን ፎቶግራፍ አነሣን፤ አልተመለስንም። የሽማግሌው ሦስት በቅሎዎች ግን እንደ ተጫኑ ያለ አንድ ሳንቲም ወደ ቤታቸው እንደ ተመለሱ አስባለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ አንኮበርን ባሰብኩ ቍጥር ትዝ የሚለኝ ፍራሹ ግንብ ሳይሆን የእነዚያ በቅሎዎች ጭነት ነው።

ክቡራትና ክቡራን፤

አንኮበር ምን ዓይነት ስፍራ እንደ ሆነች ለመረዳት በመጀመሪያ አቀማመጧን መመልከት ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ብላ ከምትገኘው ከደብረ ብርሃን ተነሥተን ወደ ምሥራቅ ስንጓዝ፣ የገብሱና የባቄላው ማሳ፣ የበጉ መንጋና የድንጋይ ካቡ አጥር ያለ መለወጥ ይከተለናል። አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝን በኋላ ግን ደጋው በድንገት ያበቃል። ከእግራችን ሥር ያለው ገደል የታላቁ ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ ነው። ከሚሊዮን ዓመታት በፊት መሬቱ ተሰንጥቆ ሲሰምጥ የቀረው ከንፈር ይህ ነው። ደጋው ልክ እንደ የብስ፣ ቆላው ልክ እንደ ባሕር ነው፤ ጧት ጧት ጉሙ ከሥር ሲተኛ የኮረብታዎቹ ጫፎች ደሴት መስለው የሚታዩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ምሳሌ ለጌጥ ብቻ የቀረበ አይደለም። አንኮበር በታሪኳም የሸዋ ወደብ ነበረች። ስሟን የአካባቢው ትውፊት «የአንኮ በር» ሲል ይተረጕመዋል፤ አንኮ በቀድሞ ዘመን ስፍራውን ትገዛ የነበረች ሴት ናት ይባላል። ትውፊቱ ስለ አንኮ የሚለውን ትውፊት ብለን እንንገር፤ «በር» የሚለው ቃል ግን አቀማመጡ ራሱ የሚመሰክረው እውነት ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሸዋ ገዥዎች፣ በተለይም አምኃ ኢየሱስ፣ መቀመጫቸውን እዚህ ጠርዝ ላይ ያደረጉት ከደጋው የሚወርደውንና ከባሕር ዳርቻ የሚመጣውን ንግድ በአንድ ዓይን ለማየት ስለሚያስችል ነው። ከታጁራ የተነሣው ሲራራ የአፋርን በረሃ ሳምንታት ፈጅቶ አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ በመጨረሻ የሚያርፈው ከአንኮበር ሥር ካለችው ከአልዩ አምባ ነበር።

አልዩ አምባ የአርጎባዎች ከተማ ናት። የአርጎባ ሕዝብ እስላም፣ ነጋዴና ሸማኔ ነው፤ የራሱም ቋንቋ ከአማርኛ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። የክርስቲያኑ የሸዋ ንጉሥ ከላይ፣ የእስላሙ ነጋዴ ከታች፣ አንዱ ያለ ሌላው መኖር የማይችልበት ኑሮ በዚህ ገደል ላይና ታች ለረጅም ዘመን ቆይቷል። ወደ ላይ አሞሌ ጨው፣ ጨርቅ፣ ጨሌና የጦር መሣሪያ ይወጣል፤ ወደ ታች የዝሆን ጥርስ፣ ቡናና ቆዳ ይወርዳል። ይህን ስንናገር ግን አንድ ነገር ደብቀን ማለፍ አይገባንም። በዚሁ መንገድ የሰው ልጅም እየተሸጠ ይወርድ ነበር። እንግዳው የሚወደውን ብቻ መርጦ የሚናገር አስጎብኚ ሻጭ ነው እንጂ አስጎብኚ አይደለም።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847፣ አንኮበር ለውጭው ዓለም የታወቀች ከተማ ሆነች። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ ሸዋ መጥቶ እስከ 1842 ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1841 ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተባለው እንግሊዛዊ መልእክተኛ ከታጁራ ተነሥቶ፣ አልዩ አምባ ላይ የንጉሡን ፈቃድ ጠብቆ ወደ ላይ ወጣ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በሣህለ ሥላሴና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1844 ያሳተመው ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ነው፤ ምንም እንኳ ስለ ሕዝቡ የሚሰጠው ፍርድ በትዕቢት የተሞላ ቢሆንም፣ ስለ መንገዱና ስለ ገበያው የሚተርከው ለእኛ ሥራ ትልቅ ሀብት ነው።

እዚህ ላይ ለባልደረቦቼ አንድ ጥያቄ ላቅርብ። ሃሪስ ወደ አንኮበር የወጣው ከቆላው ወደ ደጋው ነው። እኛ ግን እንግዳውን የምናመጣው ከላይ፣ ከደብረ ብርሃን በኩል፣ በመኪና ነው። በሩን የምናሳየው ከውስጥ ሆነን፣ ጀርባውን ብቻ ነው ማለት ነው። የአንኮበርን ትርጕም ማወቅ የሚፈልግ እንግዳ ቢያንስ አንድ ጊዜ ወደ አልዩ አምባ ወርዶ፣ በእግሩ ወይም በበቅሎ መልሶ መውጣት አለበት። በዚያ አቀበት ላይ ላቡ ጠብ ሲል፣ ነገሥታቱ ለምን ይህን ስፍራ እንደ መረጡ ያለ ማንም አስተማሪ ይገባዋል።

ከሣህለ ሥላሴ በኋላ ያለውን ታሪክ ታውቁታላችሁ። የልጅ ልጃቸው ዳግማዊ ምኒልክ በነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ ተወለዱ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ ተማርከው መቅደላ ሄዱ፤ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱና የአባቶቻቸውን መንግሥት ያዙ። በአንኮበር ኮረብታ ላይ የነበረው ቤተ መንግሥታቸው ዛሬ የለም፤ የቀረው ቁራጭ ግንብ ነው። በኋለኛው ዘመን በዚሁ ኮረብታ ላይ የጥንቱን አሠራር የሚያስታውስ የእንግዳ ማረፊያ ሎጅ ተሠርቷል። ከተማዋ የደከመችው በጦርነት ብቻ ሳይሆን በመንገድ ለውጥም ጭምር ነው። ምኒልክ ወደ እንጦጦ፣ በ1879 ዓ.ም. ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ሲዛወሩ መኳንንቱ፣ ነጋዴውና የእጅ ጥበብ ባለሙያው አብሮ ሄደ። ከዚያ በኋላ የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ የሲራራው መንገድ ፈጽሞ ተረሳ። የወረዳው አስተዳደር እንኳ የሚገኘው በጥንቱ ኮረብታ ላይ ሳይሆን ቀደም ብሎ ባለችው በጎረቤላ ነው። አንኮበር መርከብ የማይመጣባት ወደብ ሆነች ማለት ይቻላል።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ሰው ታሪክ ነው። የአካባቢው የተፈጥሮ ሀብት ግን ከዚህ የሚያንስ አይደለም፤ የሚገርመውም ሁለቱ የማይነጣጠሉ መሆናቸው ነው። ለምሳሌ ልጥ ማረፊያን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1876 በማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ የሚመራ የኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር ጓድ ሸዋ ሲገባ፣ ምኒልክ በአንኮበር አጠገብ ያለውን ይህን ስፍራ ለጥናት ጣቢያ ሰጧቸው። አንቲኖሪ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ከዚህ ጣቢያ ወደ ኢጣልያ ቤተ መዘክር ከተላኩት አእዋፍ መካከል ጕሮሮዋ ቢጫ የሆነች አንዲት ትንሽ ወፍ ነበረች፤ ሳልቫዶሪ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1888 ስም አወጣላት። ከዚያ በኋላ አንድ መቶ ዓመት ያህል የት እንዳለች ሳይታወቅ ቆይታ፣ እንደ ገና በአንኮበር ሥር ባለው ቆላ ተገኘች። ሁለተኛዋ ደግሞ የአንኮበርን ስም የተሸከመችው ናት። ጆን አሽ የተባሉ የአእዋፍ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ለሳይንስ ያስተዋወቋት የአንኮበር ሴሪን ቡናማ፣ ዝንጕርጕርና ለዓይን የማትማርክ ወፍ ናት። ነገር ግን ከኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም ላይ የትም አትገኝም። ስለዚህ አንድ የአእዋፍ አፍቃሪ ከሩቅ አገር ተነሥቶ ወደ እኛ ሲመጣ የሚፈልገው ያንን የገደል አፋፍ ነው፤ እሷም በመንጋ ሆና በገደሉ ተዳፋት ላይ ለቀማ የምትወጣው እኛ ገና ከአዲስ አበባ ስንነሣ ነው።

ጭላዳም እንዲሁ ነው። ጭላዳ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚኖር፣ ኑሮው በሣር ላይ የተመሠረተ እንስሳ ነው። ሌሊቱን ከአውሬ ለመዳን በገደሉ ፊት ላይ ባሉ ጠባብ ደረጃዎች ያድራል፤ ጧት ፀሐይ ስትሞቅ ወደ አፋፉ ይወጣና ይቀመጣል፤ ግልገሎቹ ይጫወታሉ፤ ወንዶቹ ጋማቸውን እየነሰነሱ፣ የደረታቸውን ቀይ ቦታ እያሳዩ ይፎካከራሉ። ከዚያ በኋላ ለግጦሽ ይበተናሉ። ማታ ደግሞ ወደ ገደሉ ይመለሳሉ። እኛ በቀትር ስንደርስ የምናየው ትርዒቱ ካለቀ በኋላ የቀረውን ነው። ስለ ጭላዳ ስንናገር ገብሱ የሚበላበትን ገበሬም አንርሳ። ለእንግዳው ጌጥ የሆነው መንጋ ለገበሬው ልጅ ከንጋት እስከ ማታ ወንጭፍ አስይዞ የሚያውል ጠላት ነው። እንግዳው ከጭላዳው የሚያገኘው ደስታ ለዚያ ገበሬ ምንም ካላስገኘለት፣ ጭላዳው በዚያ አፋፍ ላይ እስከ መቼ ይኖራል ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ወደ ሰሜን አለፍ ስንል በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል የወፍ ዋሻ ደን አለ። በጠርዙ ላይ ከታች እስከ ላይ የተንጠለጠለ የተፈጥሮ ደን ሲሆን፣ ዝግባው፣ ጽዱ፣ ወይራው፣ ወደ ላይ ሲወጣም ኮሶውና አስታው በየከፍታው ተራቸውን ይዘው ይታያሉ። የመናገሻ ደን የተተከለው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር ነው የሚል የቆየ ትውፊት አለ። ከደኑ በላይ በጣርማ በር ያለው መተላለፊያ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተፈለፈለው ዋሻም የሚገኘው እዚሁ ነው። ከዚያው አካባቢ «የምኒልክ መስኮት» ከሚባለው አፋፍ ላይ ቆሞ ቆላውን ያየ ሰው ስሙ ለምን እንደ ወጣለት አይጠይቅም።

ከሁሉ ይልቅ ለዛሬው አሳቤ የሚጠቅመኝ ግን የመንዝ ጓሳ ነው። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ባለው፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል በሚሰፋው በዚህ ውርጫማ መስክ ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። መስኩ ግን የተጠበቀው በጠመንጃ ወይም በአጥር አልነበረም። የመንዝ ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት፣ ሕዝቡ በመረጣቸው አባ ቄራዎች ጠባቂነት፣ ጓሳውን ለተወሰኑ ዓመታት እየዘጋ፣ ሣሩ ሲደርስ እየከፈተ ይጠቀምበት ነበር። ጓሳ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሣ የሚሆን ሣር ነውና፣ ሁሉም እንዲኖረው ሁሉም መታገሥ ነበረበት። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ መስኩም ተጎዳ። በኋላ ሕዝቡ በአዲስ ደንብ እንደ ገና አቋቋመውና በሕግም ታወቀለት። ቀበሮው ዛሬ ካለ፣ ያለው ሰዎች የየራሳቸውን ድርሻ ለመጠበቅ ሲሉ የጋራውን መጠበቅ ስለ ተማሩ ነው።

ይህ ለእኛም ትምህርት ይሆነናል። አንኮበርን ሁላችንም እንጠቀምባታለን፤ በየብሮሹራችን ሥዕሏን እናወጣለን፤ ማናችንም ግን አንዘጋላትም፤ አንከፍትላትም። አንድ ሰዓት እየቆየን የምንሄድ ከሆነ፣ ለእኛ ያለ ቅጣት ግጦሽ ሆናለች ማለት ነው።

አሁን ወደ ደብረ ብርሃን ልመለስ። አንዳንድ ባልደረቦች ደብረ ብርሃንን ነዳጅ የሚሞላባት፣ ምሳ የሚበላባት ከተማ አድርገው ይመለከቷታል። ከተማዋ ግን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተቈረቈረች ናት። ንጉሡ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በሰማይ ላይ በታየ ብርሃን ምክንያት ስፍራውን ደብረ ብርሃን ብለው ሰይመው፣ የሕይወታቸውን የመጨረሻ ዘመን በአብዛኛው ያሳለፉት በዚያ ነው። ያ ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው ባለ ጭራ ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። ነገሥታቱ ከተማቸውን እንደ ድንኳን ነቅለው በሚዞሩበት ዘመን፣ አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ ራሱ አዲስ ነገር ነበር። በዘመናችንም ደብረ ብርሃን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ፣ በበጓ፣ በአረቄዋ፣ በኋላም በዩኒቨርሲቲዋ የታወቀች ናት። በጥቅምትና በኅዳር ውርጩ መሬቱን ሲያነጣው፣ እንግዳው በቆሎና በጠላ ተሟሙቆ፣ የመንዝ ባና ለብሶ ቢያድር፣ ስለ ደጋው ኑሮ ከአንድ መጽሐፍ የበለጠ ይማራል። ስለ ብርዱ ይቅርታ መጠየቅ የለብንም። አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገራችንን በአሥራ ሦስት ወር ፀጋ ለዓለም አስተዋውቀዋል፤ ክብር ይግባቸው። ነገር ግን ሁላችንም ፀሐይ ለመሸጥ ስለ ለመድን፣ ጉምና ውርጭ ሲመጣ ዕቃችን የተበላሸ ነጋዴ መስለን እንደነግጣለን። የአንኮበር ጉም የአንኮበር ሀብት ነው፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ብቻ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የማቀርበው አሳብ ቀላል ነው። የአንኮበር ጉዞ ከአንድ ቀን ወደ ሦስት ቀን ይለወጥ። በመጀመሪያው ቀን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ አንጎለላን አይቶ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ተሳልሞ፣ ከመምሸቱ በፊት አንኮበር ገብቶ ማደር። በሁለተኛው ቀን በንጋት ከአፋፉ ላይ ወፏንና ጭላዳውን ማየት፤ ጉሙ ሲገለጥ ኮረብታውን መውጣት፤ ከዚያ በአካባቢው ሰው መሪነት ወደ አልዩ አምባ መውረድ። በሦስተኛው ቀን እንደ እንግዳው ጉልበትና ፍላጎት ልጥ ማረፊያን ወይም የወፍ ዋሻን ደን ማየት። ጊዜ ያለው ደግሞ ወደ መንዝ ጓሳ ይለፍ።

ይህን ስል የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «እንግዳው ጊዜ የለውም፤ ጎንደርና ላሊበላ ይጠብቁታል» ይባላል። መልሴ ይህ ነው፤ አንኮበርን ለማያድርበት ሰው አንሽጥ። አንድ ሰዓት ብቻ ያለውን እንግዳ ደብረ ብርሃን ላይ በሚገባ አስተናግደን እንመልሰው። በጥድፊያ ታይቶ የተናቀ ስፍራ ካልታየ ስፍራ ይብሳል፤ ያላየ ሰው ነገ ሊመጣ ይችላል፤ «አየሁት፣ ምንም የለውም» የሚል ግን አይመለስም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ የከበደ ነው፤ እሱም ጸጥታ ነው። ይህን ዘሎ ማለፍ ታማኝነት አይሆንም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና ደርሶ ነበር፤ ደብረ ብርሃንም ብዙ ተፈናቃይ ወገኖችን ተቀብላ አስጠልላለች። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የጉዞ ሥራችንም ክፉኛ ተጎዳ። እንግዳን አደጋ ወዳለበት የሚወስድ አስጎብኚ በሙያው የሚኖር አይደለም። ስለዚህ የማቀርበው አሳብ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ብቻ፣ የአካባቢውን ሰው በቅድሚያ ጠይቀን የምንፈጽመው ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ላሳስብ። እንግዳ በጠፋበት ዘመን በቅሎውን የሚሸጥ ሰው፣ እንግዳ ሲመለስ በቅሎ አይኖረውም። መንገዱን የሚያውቀው ወጣት ወደ ከተማ ከተሰደደ፣ ነገ ማን ይመራናል? በጸጥታው ዘመን ልናደርገው የምንችለው ዝግጅት አለና፣ ሦስት ነገሮችን ለማኅበሩ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አንኮበር የምንናገረውን እናጥራ። የተጻፈውን እንደ ተጻፈ፣ ትውፊቱን እንደ ትውፊት፣ የማናውቀውን «አላውቅም» ብለን እንናገር። ይህን ለመጀመር ሽማግሌዎቹና ካህናቱ በሕይወት ሳሉ፣ የአልዩ አምባ አዛውንቶችም የሲራራውን ወሬ ከአባቶቻቸው እንደ ሰሙት ሳይረሱት፣ ቃላቸው ይመዝገብ። ከላይ ያለውን ብቻ ጠይቀን ከታች ያለውን ብንተው በሩን በግማሽ እንደ መክፈት ነው።

ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ጉዞ የአካባቢው ሰው ድርሻ አስቀድሞ ይታወቅ። የበቅሎው፣ የመሪው፣ የምግቡና የማደሪያው ዋጋ ከአዲስ አበባ ሳንነሣ በስምምነት ይቆረጥ፤ እንግዳው ቢቀር ወይም ጉም ቢመጣ እንኳ ከንጋት ጀምሮ የጠበቀ ሰው ባዶ እጁን አይመለስ። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ የቀጠሮ ዋጋ ነው።

ሦስተኛ፣ የማኅበራችን አባላት ራሳችን አንኮበር እንደር። ያላደረበትን ስፍራ እደሩበት ብሎ የሚመክር ሰው አይታመንም። ከመካከላችን ከኮረብታው እስከ አልዩ አምባ በእግሩ ወርዶ የወጣው ስንቱ እንደ ሆነ እያንዳንዳችን ለራሳችን እንመልስ። እኔም ከላይ የነገርኳችሁን ጥፋት ከሠራሁ ከዓመታት በኋላ ነው በበቅሎ የወረድኩት።

በዚያ ጊዜ ሽማግሌውን ፈልጌ ነበር። ማረፋቸውን ነገሩኝ። በቅሎዎቹን የወረሰው ልጃቸው ነው መርቶ ያወረደኝ። መንገድ ላይ ጉም ያዘን። ልጁ ልጓሙን ሰብስቦ ከአንድ ቋጥኝ ሥር ተቀመጠና ቆሎ አውጥቶ አካፈለኝ። ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ልጠይቀው አሰብኩና ተውኩት። ቆሎው ሳያልቅ ጉሙ ተነሣ፤ አልዩ አምባ ከነቤቶቿ ከሥራችን ታየች።